ሰገነት መውረጃ

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ የሚወጣው አስፋልት ባሕር ዛፉ ውስጥ ከገባ በኋላ አንድ ቦታ ላይ ወደ ግራ ይታጠፋል። እዚያው መታጠፊያው ላይ ወደ እኛ ሰፈር የሚወስደው የኮብልስቶን መንገድ ይገነጠላል፤ ከታች ሆነው ቀና ብለው ሲያዩት ግድግዳ ላይ የተደገፈ መሰላል ይመስላል። የታክሲ ረዳቶች ቦታውን "ሰገነት መውረጃ" ይሉታል። እንግዳ ሰው ይህን ሲሰማ ሰገነት ያለው ሕንፃ በዓይኑ ይፈልጋል። ሕንፃ የለም። ሰገነት ታላቅ እህቴ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰገነት ያገባች ጊዜ ያ መንገድ ገና ኮብልስቶን አልለበሰም፤ አፈርና ድንጋይ ነበር። ለመልሱ እሷና ባሏ ካባቸውን ደርበው በኪራይ መኪና ወደ እናታችን ቤት ሲወጡ የግንቦት ዝናብ መንገዱን አጭቅይቶት ነበር። መኪናው ገና መታጠፊያውን እንደ ዞረ አቃሰተና ቆመ። ሾፌሩ ላቡን እየጠረገ፣ "ሙሽሮች፣ ይቅርታ፣ ትንሽ ብትወርዱልኝ" አለ። ወረዱ። እህቴ ካባዋን በሁለት እጇ ሰብስባ ጭቃው ውስጥ ስትቆም፣ ከኋላ የመጣ ሚኒባስ ላይ የተንጠለጠለ ረዳት፣ ልደቱ የሚባል የሰፈራችን ልጅ፣ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ "ሰገነት! መውረጃሽ ደርሷል!" ብሎ ጮኸ። ሚኒባሱ ሙሉ ሰው ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልደቱ ቦታውን በዚያ ስም ሲጠራ ሌሎቹም ተከተሉት፤ ቀረ በዚያው።

ሰገነት አሁን ኮተቤ ነው የምትኖረው፤ የልጆች እናት ሆናለች። እናታችንን ልትጠይቅ ስትመጣ ግን አንድም ቀን ያንን ስም ጠርታ ከታክሲ ወርዳ አታውቅም። ከመታጠፊያው በፊት ሱቁ ጋ ትወርድና ቀሪውን በእግሯ ትወጣዋለች። "እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው" ትላለች። 

ያን ቀን ሊቀበሏት ከወረዱት ጋር መጥቼ፣ የካባዋን ጫፍ ይዤ ጭቃውን የወጣሁት እኔ ነበርኩ። እድሜዬ ትንሽ ስለነበር ይሁን ተፈጥሮዬ ሆኖ እንጃ፣ በልደቱ አልተናደድኩም። የተናደድኩት በመኪናው ነው። "ያ ሞተር ለምን ደከመው?" የሚለው ጥያቄ አብሮኝ አደገ። ጓደኞቼ ኳስ ሲጫወቱ እኔ ከቤታችን በላይ ካለው ጉብታ ላይ ተቀምጬ ዳገቱን የሚወጡ መኪኖችን ድምፅ እሰማ ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ የትኛው ማርሽ እንደ ቀየረ፣ የትኛው ማርሽ ሊቀይር ሲል እንደ ፈራ አውቃለሁ። እማዬ፣ "ይሄ ልጅ ከሰው ይልቅ ከጭስ ጋር ይስማማል" ትላለች።

አሥራ ሁለተኛን ስጨርስ ፈረንሳይ ካለው የጋሽ ሣህሌ ጋራዥ ገባሁ። ጋሽ ሣህሌ ሲሠሩ የማያወሩ፣ ሲያወሩ ደግሞ የማይሠሩ ሽማግሌ ናቸው። ግቢያቸው ጥግ ላይ ባለቤቱ ትቶት የሄደ አሮጌ የጃፓን ተርቦ መኪና ነበር፤ የኋላ ወንበሩ ላይ ዶሮ እንቁላል ትጥልበታለች። አንድ ቀን ሳየው ደርሰውብኝ፣ "ካስነሳኸው ያንተ ነው" አሉኝ። ያሾፉብኝ መስሏቸው ነው። ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ፣ ግን አስነሳሁት። ደልዳላ መንገድ ላይ ይበራል። ተርቦው ሲነቃ የሚያሰማው ፉጨት፣ ምን ልበላችሁ፣ ጆሮዬ ላይ ከዘፈን ይጥመኛል።

ታዲያ ታናሿ እህቴ ሥርጉት ልታገባ ቀን ተቆረጠ። እጮኛዋ ኢታና አምቦ ያደገ፣ ኢንሹራንስ ቢሮ የሚሠራ፣ ሰው የሚያከብር ልጅ ነው። አንድ እሁድ ቤት ቁጭ ብለን ስለ መልሱ ስናወራ፣

"እናቴ፣ ለመኪናው አያስቡ" አላት እማዬን። "ጓደኛዬ ላንድክሩዘር አለው። ያንን ዳገት አይደለም ዛፉንም ይወጣዋል።"

እማዬ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከጥርሷ አላለፈም። "ተባረክ ልጄ። በእኛ ቤት ግን ለመልስ ሙሽሮችን የሚያመጣው የሙሽራዋ ወንድም ነው። ያኔ ሕዝቄ ሕፃን ሆኖብን ነው የሰው መኪና የለመንን፤ ምን እንደ ሆንን ደግሞ አገር ያውቃል።"

"እኔ በሕዝቄ መኪና ነው የምመጣው" አለች ሥርጉት። "አለቀ።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ሰገነት ልጇን ታፋዋ ላይ አስተኝታ ነበር። ቀና ሳትል፣ በዝግታ፣ "ላንድክሩዘሩ ይሻላል" አለች። "ሕዝቄ፣ አደራ፣ እሷን ደግሞ እንዳታወርዷት።"

ክፉ አስባ አይደለም። ግን ያቺ ቃል ደረቴ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። ዳገቱን የምወጣው ለሥርጉት ብቻ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

በማግስቱ በአራት ሰው ልክ አሸዋ በከረጢት ሞልቼ መኪናው ላይ ጫንኩና ለመሞከር ወጣሁ። አስፋልቱን እየፎጨ ወጣ። መታጠፊያው ላይ ፍሬን ይዤ ወደ ኮብልስቶኑ ስዞር ግን ፉጨቱ ጠፋ። ነዳጅ ረገጥኩ፤ ሞተሩ አንዴ ሁለቴ ሳለና ጠፋ። መሰላሉ መሃል ላይ ቀረሁ።

ከታች ሚኒባሱን አቁሞ ሰው ይጠብቅ የነበረው ልደቱ (ዛሬ ረዳት አይደለም፣ የራሱ መኪና አለው) እጁን አፉ ላይ አድርጎ ጮኸ፦ "ሕዝቄ! አሸዋው ይውረድልህ ወይ?"

ወደ ኋላ እየተንሸራተትኩ ወርጄ ጋራዥ ስገባ ጋሽ ሣህሌ ፊቴን አይተው ነገሩ ገባቸው።

"ተርቦውን ትንሽ እንጨምርለት" አሉ።

"ጋሼ፣ ተርቦው እኮ እዚያ ቦታ ላይ ተኝቷል። የተኛ ሰው ላይ ጉልበት ቢጨምሩ ምን ይፈይዳል?"

ይህን ላስረዳ፣ ከባድ አይደለም። ተርቦ የሚሽከረከረው ሞተሩ በሚተፋው ጭስ ነው። ሞተሩ ሲፈጥን ጭሱ ይበዛል፣ ተርቦው ይነቃል፣ አየር ጠቅጥቆ ያጎርሰዋል። መታጠፊያ ላይ ቀስ ስትል ግን ጭሱ ያንሳል፣ ተርቦውም ያንቀላፋል። ያን ጊዜ ሞተሩ በራሱ ሳንባ ብቻ ነው የሚተነፍሰው። እንጦጦ ላይ ደግሞ አየሩ ስስ ነው፤ ሩጫ የሚለማመዱት ልጆች ያውቁታል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ተርቦውን ማስቆጣት አይደለም። ተርቦው እስኪነቃ ድረስ በራሱ የሚጎትት፣ ሳንባው የሰፋ ሞተር ነው።

ሳንባውን የማስፊያው መንገድ ሁለት ነው። አንዱ ፒስተኑ የሚመላለስበትን ቀዳዳ ማስፋት ነው፤ የእኔ ሞተር ግድግዳው ስስ ስለሆነ እሱ አይሆንም። ሁለተኛው ፒስተኑ የሚመላለስበትን መንገድ ማስረዘም ነው። ይህን መንገድ የሚወስነው ክራንኩ ነው፣ ከሞተሩ ሆድ ውስጥ ሆኖ ፒስተኖቹን ወደ ላይ ወደ ታች የሚያስኬደው ጠማማ ብረት። የክራንኩ ክንድ ሲረዝም ፒስተኑ ጠለቅ ብሎ ይወርዳል፣ በአንድ ጊዜ ብዙ አየር ይስባል። ጉልበቱም ይጨምራል። የጉድጓድ ውኃ በማዞሪያ የቀዳ ሰው ያውቀዋል፤ እጀታው ሲረዝም ባልዲው ይቀላል።

ከጋራዡ ጀርባ ከተቆለለው ብረታ ብረት ውስጥ የአንድ ተገልብጦ የተጣለ ፒክአፕ ሞተር ነበር። ከእኔው ጋር ከአንድ ፋብሪካ የወጣ፣ ወንድሙ ማለት ነው፤ ክንዱ ግን ረዘም ያለ። ፈትቼ ክራንኩን አወጣሁት። ጋሽ ሣህሌ ሁለቱን ክራንኮች ጎን ለጎን አድርገው ሲያዩ ቆዩ።

"ይገባል" አሉ በመጨረሻ። "መቀመጫው አንድ ነው። ግን ፒስተኑ ወደ ታች ብቻ አይደለም የሚረዝመው፤ ወደ ላይም ይወጣል። ቴስታውን ይመታልሃል።"

እንዳሉትም ሆነ። ገጥመን በእጅ ስናዞረው ፒስተኑ የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታውን፣ ነክቶ ቀጭ! አለና ቆመ።

"ሁለት ጋርኒሲዮን ደርብበት" አሉ። ይህ የጋራዣችን መድኃኒት ነው፤ ከፍ ያለ ነገር ሲያስቸግር በቴስታውና በሞተሩ አካል በብሎኩ መሃል ማሸጊያውን፣ ጋርኒሲዮኑን፣ ደርቦ ክዳኑን ከፍ ማድረግ።

"ተርቦ ያለበት ነው ጋሼ። ዳገቱ ላይ ይተፋዋል።"

"እኔ ስንቱን ሞተር በድርብ..."

"ሙሽራ አልጫኑበትም።"

 የተቆጡ መስሎኝ ነበር። ወዲያው ጨርቃቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ "እንግዲያው ሶማሌ ተራ ሂድ" አሉኝ። "ፒኑ የሚገባበት ቀዳዳ ከፍ ብሎ የተበሳ ፒስተን ፈልግ። ቀዳዳው ከፍ ካለ ፒስተኑ ዝቅ ይላል።"

ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ገበያው ውስጥ የፒስተን አናት በካሊፐር እየለካሁ ሳገላብጥ ሰነበትኩ። ነጋዴዎቹ፣ "ያ ካሊፐር የያዘው ልጅ መጣ" እያሉ ይሳሳቁብኝ ነበር። "ወንድም፣ ፒስተን ነው የምትገዛው ወይስ ልብስ ታሰፋለህ?" ያለኝም አለ። በመጨረሻ የሌላ ሞተር ፒስተኖች ልክ ሆነው አገኘሁ። ቶርኖ ቤት ወስጄ አናታቸውን አስተካከልን። ከታች ደግሞ ረጅሙ ክንድ ሲዞር የብሎኩን ጠርዝ ሊነካ ስለሚል በሞረድ ጥቂት በጥቂት አጎደጎድኩለት። እየሞረድኩ የማስበው ስለ ብረቱ አልነበረም። ጭቃ የነካውን የካባ ጫፍ ነበር የማስበው።

እንደገና ገጥመን በእጅ ያዞርን ቀን ጋሽ ሣህሌ ጆሯቸውን ብሎኩ ላይ አስጠጉ። ቁልፉን ያዝኩና ቀስ ብዬ ሳብኩ። ሙሉ ዙር ዞረ። አልመታም፣ አልነካም። አንድ ጊዜ ደግሜ አዞርኩት፤ ጆሯቸውን አነሱ፤ "ይዞራል" አሉና ሻይ ሊጠጡ ሄዱ። እኔ ብቻዬን ስቀር እንደገና አዞርኩት። ከዚያም እንደገና። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ብረት አምሮብኝ አያውቅም።

ሞተሩ ሲነሳ ድምፁ ሌላ ሆነ። ያ እንደ ቆሎ ተማሪ ይጯጯህ የነበረ መኪና እንደ መሪጌታ ከሆዱ ማዜም ጀመረ።

አሸዋዬን ጭኜ፣ ጋሽ ሣህሌን ከታች አቁሜ፣ ከአስፋልቱ ላይ ተንደርድሬ ወደ ኮብልስቶኑ ገባሁ። መሰላሉን ምንም ሳይመስለው ወጣው። ስመለስ ጥርሴ አልገጥም ብሎኛል።

"ሩጫውን አየሁ" አሉ ጋሽ ሣህሌ። "ከቆመበት ተነስቶስ?"

"ለምን ይቆማል?"

"መኪና አይደል? ይቆማላ።"

"ሞተሩ ሮዳጅ ላይ ነው ጋሼ፣ ገና አልተፍታታም። ካሁኑ ባላስጨንቀው ይሻላል።"

ራሳቸውን ነቀነቁና ተውት። እኔም ተውኩት።

የመልሱ ቀን መኪናዬን አጥቤ፣ አበባና ሪባን አስሬ የካ አባዶ ኢታና ቤት ደረስኩ። ሥርጉትና ኢታና ካባቸውን ደርበው ከኋላ ገቡ፤ ከአጠገባቸው አንደኛ ሚዜው ገባ። ሚዜው፣ እግዜር ይስጠው፣ ለብቻው ሁለት ሰው ነው። ሲቀመጥ መኪናው ወደ እሱ ጎን ዘመመ። የፊት ወንበሩ ባዶ ነበር። ሰገነት ከባሏ ጋር በሌላ መኪና ልትሄድ ስትል ሄጄ ክንዷን ያዝኳት።

"ከፊት ትቀመጫለሽ።"

"ተወኝ ሕዝቄ።"

"አንቺ ካልገባሽ መኪናው አይነሳም።"

"ሞተሩ ከእኔ ጋር ምን አለው?"

"እሱን እኔ ነኝ የማውቀው።"

ፊቴን አይታ ገባች። ነጠላዋን አስተካክላ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ፈተና ሊፈተን እንደ ገባ ተማሪ ተቀመጠች።

በኮተቤ፣ በመገናኛ አድርገን፣ ክላክስ እያስጮህን ፈረንሳይ ደረስን። ከኋላችን የኢታና ዘመዶች መኪኖች ተሰልፈዋል። ሚዜው ተርቦው በፎጨ ቁጥር፣ "ሙሽራው፣ በፉጨት ተጠራህ" እያለ ያስቃል። ዳገቱን ጀመርን፤ ባሕር ዛፉ ውስጥ ገባን። መታጠፊያው ከሩቅ ሲታየኝ ለመንደርደር ማርሽ ቀነስኩ።

እና ሰው አየሁ።

በእኛ ሰፈር የመልስ ሙሽሮች ቤት ድረስ ብቻቸውን አይመጡም። ሰፈሩ በሙሉ ከበሮ ይዞ መታጠፊያው ድረስ ወርዶ ነው የሚቀበላቸው፤ ከፊት ከፊታቸው እየጨፈረ፣ በእግር ርምጃ፣ እስከ ቤት ያደርሳቸዋል። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። እኔው ራሴ ስንት ጊዜ እዚያ ቆሜ አጨብጭቤያለሁ። ስለ ሞተር ሳስብ ሰው ረሳሁ!

መንደርደር ቀረ። መታጠፊያውን በኤሊ ርምጃ ዞርኩ፤ ገና መሰላሉ ላይ እንደ ወጣሁ ሴቶቹ መኪናውን ከበው አቆሙት። እማዬ ከመሃል ከበሮዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ትመታለች። የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ። ከኋላዬ ያሉት መኪኖች መከላከያዬ ሥር ደርሰዋል፤ ወደ ኋላ ማለት የለም። ያኔ የኪራዩ መኪና የቆመበት ቦታ ላይ በልኩ ነበርን።

ሰገነት የበሩን እጀታ ጨብጣለች።

"ከባዱ እኔ ነኝ፣ ልውረድ?" አለ ሚዜው። አሁን አልቀለደም።

ኢታና ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ፣ "ወንድሜ፣ በእግራችን ብንወጣ እኮ ምንም አይደለም" አለኝ። በቅንነት ነው።

"ማንም አይወርድም" አልኩ። ድምፄ ግን ቀጠነብኝ።

ከጭፈራው መሃል ልደቱ ወጣ። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፣ ፊቱ በላብ ወዝቷል። ወደ ሰገነት መስኮት መጥቶ፣ በድሮው የረዳት ልማዱ ጣራዬን ሁለቴ በመዳፉ መታና ጎንበስ አለ።

"ሰገነት! ወራጅ አለ?"

ጭፈራው ላይ ያሉት ሳቁ። ክፋት የለበትም፣ የሠርግ ሳቅ ነው። እህቴ ግን ወደ እኔ ዞረች። ሞተሩን አልጠየቀችኝም፣ ይወጣል ወይ አላለችኝም። ፊቴን ብቻ አየች። ከዚያ እጀታውን ለቀቀች፤ መስታወቱን እስከ መጨረሻው አወረደችና ጫካው እስኪሰማ ጮኸች፦

"ወራጅ የለም! ሳበው!"

አንደኛ ማርሽ አስገባሁ። ፍሪሲዮኑን እንደ እንቁላል ይዤ ቀስ ብዬ ለቀቅኩ። የእጅ ፍሬኑን አወረድኩ። የሞተሩ ድምፅ ወደ ታች ወረደ፣ ወረደ፣ መሪው እጄ ላይ ተንቀጠቀጠ። ፉጨት የለም፤ ተርቦው ተኝቷል። በሐሳቤ ረጅሙ ክንድ ከሞተሩ ሆድ ውስጥ ጠለቅ ብሎ ሲወርድ፣ የእንጦጦን ስስ አየር በረጅሙ ሲስብ ይታየኝ ነበር። መኪናው የአንድ ጣት ያህል ወደ ኋላ ያለ መሰለኝ።

ከዚያ ጎተተ።

ዱም፣ ዱም፣ ዱም፣ ልክ እንደ ከበሮው። አልተንገዳገደም፣ አላቃሰተም። አምስት ሰው፣ ከነካባው፣ ከነሚዜው፣ ተሸክሞ ከቆመበት ተነሳ። ሴቶቹ ፊታቸውን ወደ እኛ አድርገው ወደ ኋላ እየተራመዱ ይጨፍራሉ፤ እኛ በእነሱ ርምጃ እንከተላለን። ሲቆሙ ቆምኩ፤ ሲሄዱ ተነሳሁ። ሁለተኛውን ጊዜ ፍርሃት አልነበረኝም፤ ሦስተኛው ላይ፣ አልዋሽም፣ ደግመው ባቆሙኝ ብዬ ተመኘሁ። ሰገነት ክንዷን በመስኮት አውጥታ ታጨበጭባለች። ልደቱ ከጎናችን እየሮጠ፣ "አንተ! ይሄ ምንድን ነው የገጠምክለት?" ይላል።

"ክራንክ!" ብላ መለሰችለት እህቴ፣ ምን እንደ ሆነ ሳታውቅ።

ጫፉ ላይ መንገዱ ደልደል ሲል ሴቶቹ ገለል አሉልኝ። ነዳጁን ትንሽ ነካሁት። ያን ጊዜ ተርቦው ከእንቅልፉ ነቃና ፎጨ፤ ግቢው በእልልታ መለሰለት።

ድንኳኑ ውስጥ ጋሽ ሣህሌ ቀድመው ገብተው ተቀምጠዋል፣ አዲስ ኮታቸውን ለብሰው። ጎንበስ ብዬ ሰላም ስላቸው ጆሮዬን ሳብ አደረጉኝ።

"ከቆመበት ተነሳ?"

"ተነሳ ጋሼ።"

"ይነሳል እንጂ" አሉና ወደ ጎረቤታቸው ዞሩ። "ይቺን መኪና እኛ ነን የሠራናት። ድርብ ጋርኒሲዮን አንጥልም ብዬ ያኔ..." እኔም ብርጭቆአቸውን ሞላሁላቸው። ያን ቀን ለሁሉም የሚበቃ ኩራት ነበረ።

ከሠርጉ በኋላ አንድ ቅዳሜ ሰገነት እማዬን ልትጠይቅ መጣች። የእኔ መኪና ሮዳጁን ጨርሶ ዘይት ሊቀየርለት ጋራዥ ስለነበር ከፈረንሳይ በልደቱ ሚኒባስ አብረን ተሳፈርን። አጠገቧ ባዶ ጀሪካን ያቀፉ፣ ለጠበል የሚወጡ እናት ተቀምጠዋል። ሱቁ ጋ ስንደርስ ከልማዴ ልነሳ ስል ጉልበቴን ያዘችኝ። ሱቁ አለፈ። መታጠፊያው ታየ።

"ሰገነት መውረጃ፣ ወራጅ አለ!" አለች፣ ሚኒባሱ ሙሉ እየሰማ።

ልደቱ በመስታወቱ አይቷት ፍሬን ያዘ። ጀሪካን ያቀፉት እናት እንድታልፍ ጉልበታቸውን እየሰበሰቡ፣ "ልጄ፣ ሁልጊዜ ስሰማው ይገርመኛል፣ ሰገነት ማን ናት?" አሏት።

እህቴ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች።

"እኔ ነኝ" አለችና ወረደች።